የሰንባቾች ግድግዳ

ያ ክረምት ሲታወስ መጀመሪያ የሚመጣው እግር ከጭቃ ሲነቀል የሚያሰማው ድምፅ ነው። ነጎድጓዱም፣ ጉሙም፣ ቀኑን ሙሉ የማይደርቀው ካፖርትም ከሱ በኋላ ነው የሚመጡት። የሆስፒታሉ መሠረት ተቆፍሮ፣ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ፣ የቀን ሠራተኛው በባልዲ እየቀዳ ሲደፋ፣ ሰማይ ደግሞ እልህ እንደተጋባ ሰው መልሶ ሲሞላው፣ ሰው ሁሉ እርጥብ አፈር አፈር ይሸት ነበር። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ቢሆንም ደስ ይል ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ወጣትነት መቼስ ጭቃ ላይም ደስ ይላል።

ፕላን ሠሪው ስሙን ያጣው በዚያ ክረምት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የሥራው የበላይ ኃላፊ ጃንጥላ አስይዘው መጡና ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው፣ «እንግዲህ ይህ ቤት ለልጅ ልጆቻችን ሳይነቃነቅ የሚቆም ይሁን» ብለው መረቁ። ሰው «አሜን» ብሎ ሳይጨርስ ፕላን ሠሪው፣ ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኖ ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ ከወዲያ ማዶ ለፎርማኑ ይጮሃል። ዝናቡ ጆሮ ነስቶት ነው እንጂ ለክፋት አልነበረም።

«ይሄኛውን ግድግዳ ከምሰሶው ጋር በብረት እንዳታስረው! ይሄ ይፈርሳል!»

«ሰውዬ፣ አታሟርት!» አለ ፎርማኑ። «ገና ሳይቆም ይፈርሳል ትላለህ?»

«ይፈርሳል። እንዲፈርስ ነው የምንሠራው።»

«እንዲያ ከሆነ ከነጭርሱ ትተነው እንገላገላ! ብሎኬቱም ይተርፋል፣ ወገባችንም ያርፋል!»

ሠራተኛው ባልዲውን ጥሎ ሳቀ። ኃላፊው ግን አልሳቁም፤ ጃንጥላቸውን ይዘው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው «ጋሽ ይፈርሳል» ሆኖ ቀረ። ዳቦ ሻጩ ሳይቀር፣ «ጋሽ ይፈርሳል፣ ትኩሱ አልቋል፣ የትናንት ልስጥህ?» ይለው ነበር። እናቱ ያወጡለትን ስም የምታውቅለት ሚስቱ ብቻ ሆነች፤ እሷም ብትሆን የምትጠራው ነገሩ ከልቧ ሲያማት ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣው ግን እብደት አይደለም። ፕላን ሠሪው ከዚያ በፊት ጉብታው ላይ ወዳለው አሮጌው ሆስፒታል ለጥገና እየተላከ ይሠራ ነበር። እዚያ ያየውን አይቶ ነው። አሮጌው ሆስፒታል ግድግዳው ሁሉ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ሁሉ ጣራ ተሸካሚ ነው። አንዱን ብትነካ ሌላው ይወርድብሃል። አዲስ የራጅ ማሽን መጣለትና በየትኛውም በር አልገባ አለ። በሩን እንዳያሰፉት ግድግዳው አይነካም። ማሽኑ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆመ። አንድ ክረምት ቆመ፣ ዝገት በላው፣ ሆዱ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠራች። አጥንቱ የተሰበረ ሰው በአጠገቡ በቃሬዛ ያልፋል፣ ማሽኑ ዝም ብሎ ያየዋል። ፕላን ሠሪው ያን ቀን ቤቱ ገብቶ እህል አልቀመሰም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የተማሪ ዩኒፎርም ነበር የምትሰፋው፤ ሰማያዊ ቀሚስና ሱሪ ከወለል እስከ ወንበር ተከምሮ ቤታቸው መቀመጫ የለውም ነበር። የማሽኑን ነገር ሲነግራት እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች።

«እንዴት ያለ ሰው ነው ለዛሬ ቁመቱ ብቻ የሚሰፋ?» አለችው። «ልጅ አያውቅም ማለት ነው።»

አንድ ቀሚስ አነሳችና ገልብጣ ግርጌውን አሳየችው። ቅምቅማቱ ሰፊ ነበር፣ አራት ጣት ይሆናል፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተደብቋል። «ይኸውልህ። ሲያድግ እናቱ ትፈታዋለች። ከውጪ ላየው ሰው ምንም የለም።»

እነሱ ልጅ አልነበራቸውም። መጥቶ ሁለት ጊዜ ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ አላነሱትም፣ ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት። ይህቺ ሴት ግን የሰው ልጅ በስንት ጊዜ ስንት እንደሚረዝም ከሁሉም እናት ይልቅ ታውቅ ነበር።

አዲሱን ሆስፒታል የነደፈው እንግዲህ በዚያች ቀሚስ ግርጌ ነው። ጣራውን ከፍ አደረገው፣ ነገ የሚመጣ ቧንቧና ሽቦ ከላይ እንዲያልፍበት። በሲሚንቶ በተሞላው ሶሌታ ላይ ቀዳዳ ትቶ በክዳን ደፈነው። ሸክሙን ሁሉ ለምሰሶዎች ሰጠ፤ ግድግዳዎቹ እንደ መጋረጃ መከለል ብቻ ሆነ ሥራቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎረቤት መረጠ። «ከከባድ ጎረቤት አጠገብ ቀላል ጎረቤት» ይል ነበር። ከባድ ማለት ብዙ ቧንቧ፣ ብዙ ማሽን ያለው፣ ሥር የሰደደ ክፍል ነው፤ እንደ ማዋለጃው። እሱ ሲያድግ የት ይሄዳል? ወደ ጎረቤቱ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ጎረቤቱ ቶሎ ተነሺ መሆን አለበት።

ለማዋለጃው ጎረቤት የመረጠው የሰንባቾችን ክፍል ነበር። ሰንባቾች የሚባሉት በሽታቸው ቶሎ የማይድን፣ ቶሎም የማይገድል፣ ወራት ዓመት የሚተኙት ናቸው። ዋናው ሐኪም ፕላኑን ሲያዩ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ።

«ሰንባቾቹን? ኋላ ማንሳት አያስቸግርም?»

«ኧረ ምን ያስቸግራል ጌታዬ» አለ ፕላን ሠሪው። «ቧንቧ የላቸው፣ ማሽን የላቸው። አልጋ ብቻ ነው ያላቸው። እነሱ ቀላል ናቸው።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ያቺ ቃል ወጣች፤ ማንም ልብ አላላትም። በላይዋ ላይ ብሎኬት ተደረደረ፣ ልስን ተለሰነ፣ ቀለም ተቀባ።

ዓመታት ሄዱ። ሆስፒታሉም እንዳለው ማደግ ጀመረ። አንድ ዓመት የላብራቶሪው ግድግዳ ፈረሰ፣ ሌላ ጊዜ የድንገተኛው። የፈረሰ ቁጥር ይጠሩታል፣ እሱም የክት ኮቱን ለብሶ ይሄዳል። ሌላው ሰው የሠራው ሲፈርስ ያለቅሳል፤ እሱ አቧራ ውስጥ ቆሞ ፊቱ ይበራ ነበር። ማታ ሲመለስ ሚስቱ ትከሻውን በልብስ ብሩሽ እያራገፈች፣ «ደግሞ ዛሬ ምን አፈረሱልህ?» ትለዋለች። የራሳቸው ቤት ጣራ ደግሞ ያፈስ ነበር። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ትለዋለች፣ ባልዲውንና መዶሻውን እግሩ ሥር እያስቀመጠች። እሱም «ነገ» ይላል። የሷ ነገር መቼም ነገ ነው።

ጡረታ ሊወጣ ሲል ሆስፒታሉ ጣራው ላይ ትልቅ የውሃ ታንከር ሰቀለ፣ ልክ ከሰንባቾቹ ክፍል በላይ። እሱን አማከሩት። ያን ዕለት እንደ ልጅ እየተፍነከነከ ነበር የገባው። «ሁለቱ ምሰሶዎች ላይ ብቻ አሳረፍኩት። ግድግዳው መኖሩንም አላወቀ!» አላት። እሷም ስፌቷን ሳታቋርጥ፣ «ጎበዝ» አለችው። ይህቺን ወሬ ግን ሰምታ አልረሳችም።

በሽታዋ ስኳር ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ የጀመረውም በሳቅ ነው። ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ይላታል፣ ትስቃለች። የጎረቤት ልጅ ትጠራለች፣ «ነይ እስቲ፣ ዛሬ መርፌው ዓይኑን ጨፍኗል» ትላታለች። የጨፈነው ግን የመርፌው ዓይን አልነበረም። ሰማያዊውን ከጥቁሩ መለየት ተሳናት፣ ቀጥሎ ቀኑን ከማታው። እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልደርቅ አለ። ኩላሊቷም ደከመ። ሐኪሞቹ ተነጋገሩና አስተኟት፤ በሰንባቾቹ ክፍል፣ ግድግዳው ሥር ባለው አልጋ።

ፕላን ሠሪው የትኛው ግድግዳ እንደሆነ አወቀ፤ ከማዋለጃው የሚለየው፣ እንዲፈርስ ብሎ የሠራው ነው።

እሷ ክፍሉን በእጇ ተማረችው። ቁም ሳጥኑ በግራ፣ የውሃ ብርጭቆው ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ መስኮቱ ፀሐይ ጉንጯን በሚነካበት በኩል። በመጨረሻ ግድግዳውን ዳሰሰችና በጣቷ መገጣጠሚያ አንኳኳችው። ውስጡ ክፍት የሆነ ድምፅ መለሰ።

«ይሄስ ያንተ ነው» አለችው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አንተን ይመስላል። ውጪው ደረቅ፣ ውስጡ ባዶ።»

ጎን ያለችው ሰንባች ከትከት ብላ ሳቀች። ይህቺ ሴትዮ ቀኑን ሙሉ «ወይ ጉልበቴ» ከማለት በቀር ሌላ ጸሎት ስለሌላት «ጉልበቴ» ይሏት ነበር። «እትዬ፣ የኔውስ ውስጡም ደረቅ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው» አለች።

ግድግዳው ቀጭን ነውና ከማዶ ድምፅ ያሳልፍ ነበር። የመጀመሪያው ሕፃን ሲያለቅስ ፕላን ሠሪው አፈረ፤ የገዛ ጉድለቱ የተጋለጠበት መሰለው። «ብርድ ልብስ ልዘርጋበት እንዴ? ይረብሽሻል» አላት።

«እንዳትነካው!» አለች፣ እጇን ግድግዳው ላይ ዘርግታ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ያዘች። በለቅሶው ትለካቸው ጀመር። አንዱ ሲጮህ ታዳምጥና፣ «ይሄ ረጅም ነው። ለዚህ አምስት ጣት ካልተውክለት ሱሪው ዓመት አይደርስም» ትላለች። ሌላዋ ስትነፋረቅ፣ «ይቺ ደግሞ ደቃቃ ናት፣ ትከሻው ላይ መጥበብ አለበት» ትላለች። ጉልበቴ ትከራከራታለች፦ «በድምፅ ልብስ ሲለካ ዛሬ ሰማሁ!» ማዶ ያለችው አዋላጅ ወሬውን ሰማችና እሷም ገባችበት። ልጁ ደህና ከወጣ በኋላ ግድግዳውን ታንኳኳለች፤ አንዴ ከሆነ ሴት፣ ሁለቴ ከሆነ ወንድ። ልብስ ሰፊዋም መልሳ ታንኳኳለች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት። ፕላን ሠሪው ከሰዓት ሲመጣ የዕለቱን ወሬ ትነግረዋለች፤ ይህን ያህል ቀሚስ፣ ይህን ያህል ሱሪ። ፊቷ ላይ ከስንት ዓመት በፊት ያየው ብርሃን ነበር። አንዲት ነገር ታስፈራው ነበር፤ ያቺ ብርሃን በአንድ ግድግዳ ላይ መንጠልጠሏ።

ከተማው ግን አድጓል። እናቶች በዙ። ማዋለጃው ጠበበና ምጥ የያዛቸው ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ወለል ላይ ይጠብቁ ጀመር። ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ወጣቷ መሐንዲስ ወደ ሰንባቾቹ ክፍል መጣች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ፣ በሽተኞቹን አንድ በአንድ እጅ ነስታ ነው የገባችው። ፕላን ሠሪው ሚስቱን ሾርባ እያጎረሳት ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎን ነው የምፈልገው» አለች። «ፕላኑ ላይ ይሄ ግድግዳ ተነሺ ነው ይላል። ግን ከላይ ታንከር ተሰቅሏል። ሲሰቀል ያማከሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ሸክሙ ወደዚህ መጥቶ እንደሆነስ? የእርስዎን ቃል ሳላገኝ አላስነካም።»

«ቃሌን ካላገኘሽስ?»

«መርማሪ ማስመጣት ነው፣ ከነመሣሪያው። እሱ ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ አይደርስም።»

ክረምቱ ሳይወጣ። ሐኪሙ ከጥቂት ቀን በፊት ወደ ጥግ ወስዶት፣ ኩላሊቷ እያበቃ መሆኑን ነግሮት፣ «ከክረምቱ ወዲያ እንጃ» ብሎት ነበር። የሚያስፈልገው እንግዲህ አንድ ክረምት ብቻ ነው። እዚህ፣ እጇ በሚያውቀው ቦታ፣ የሕፃናቱን ድምፅ እየሰማች ትለፍ። ይህ ብዙ ነው? ለሰው ሁሉ ሲሰፋ ኖሮ ለሷ አንድ ክረምት ቢያጠብ ምን ይሆናል?

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«አይፈርስም» አለ። «ታንከሩ ሲሰቀል እዚህ ላይ ተደግፏል። ተሸካሚ ሆኗል።»

ጉልበቴ ከአልጋዋ ቀና አለች። «ጋሽ ይፈርሳል አይፈርስም አለ! ዛሬስ በረዶ ሊጥል ነው!»

ሰንባቾቹ ሁሉ ሳቁ። መሐንዲሷም ፈገግ አለች፣ አመስግና፣ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። የቀረውን ሾርባ አልፈልግም አለች።

ጥቂት ቀናት እንዲህ አለፉ። እሱ ከሌላው ጊዜ ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ዘግይቶ ይሄዳል፤ ግን ኮሪደሩን ሲያቋርጥ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክል ነበር፣ ወለሉ ላይ የተቀመጡትን ላለማየት። ትኩር ብሎ ቢያይ ፊት ይኖራቸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ሲልጥላት ከበሩ ማዶ ሩጫ ተሰማ፣ የሴት ጩኸት፣ ቀጥሎ የብረት ሳህን መውደቅ፣ ቀጥሎ ረጅም ዝምታ። ሰንባቾቹ ወሬ አቆሙ። ዝምታው በጣም ሲረዝም ጉልበቴ እንኳ ጉልበቷን ረሳች። በመጨረሻ የሕፃን ለቅሶ መጣ፣ ቀጭን፣ እንደ ሳል የሚቆራረጥ።

ሁሉም ተነፈሱ። ልብስ ሰፊዋ እጇ ግድግዳው ላይ ነበር። አላንኳኳችም።

«ድምፁ ከበር በኩል ነው የመጣው» አለች።

እሱ ብርቱካኑን ይልጥ ነበር።

«ኮሪደር ላይ ነው የተወለደው» አለች እንደገና። ከዚያ ስሙን ጠራችው፤ እናቱ ያወጡለትን። እጁ ቆመ።

«ታንከሩን የሰቀልክ ዕለት ምን ብለህ ነበር የገባኸው?»

ብርቱካኑን ሰሃኑ ላይ አኖረው።

«ግድግዳው መኖሩንም አላወቀ አላልከኝም?»

«ለአንድ ክረምት ብቻ ነው፣ ዓለሜ» አለ በሹክሹክታ። «አንድ ክረምት። ከዚህ ካነሱሽ…»

«ይገባኛል። ቂል መሰልኩህ? እኔም መነሳት አልፈልግም። ጨለማ ውስጥ ያለችኝ አንዲት ቤት ይህቺ ናት።» እጇን በልስኑ ላይ ወደ ታች አወረደች፣ የልጅ ቀሚስ እንደሚያለሰልስ ሰው። «ግን የሰው ልጅ እየረዘመ፣ እናቱ ደጅ ቆማ፣ እኔ ጨርቁን ውስጥ ደብቄ ልያዝባት? ሂድ። ቅምቅማቱን ፍታላቸው።»

«ዛሬ?»

«ያንተ ነገ ቤት ሲያፈስ ኖሯል። ዛሬ።»

የልጣጩን ሰሃን ይዞ ወጣ፤ የት እንደሚያስቀምጠው አጥቶ እንደያዘው መሐንዲሷ ቢሮ ገባ። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ይፈርሳል» አላት።

«ምኑ ጋሼ?»

«ግድግዳው። ምንም አልተሸከመም። ታንከሩ ምሰሶዎቹ ላይ ነው፤ ራሴ ነኝ ያሳረፍኩት። ዋሽቼሽ ነው።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ታየው ነበር። «ለምን?»

«ከሥሩ የተኛችው የኔ ናት።»

መሐንዲሷ አልተቆጣችም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ሰሃኑን ከእጁ ተቀብላ መስኮቱ ላይ አኖረችለት፤ «ከሁሉ ጥሩውን ክፍል ነው የምሰጣቸው፣ ጋሼ። ቃሌ ነው» አለችው። ቃሏንም ጠበቀች።

አዲሱ ክፍል በእውነት ጥሩ ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከደረጃው ጎን፣ ሰፊ መስኮት ያለው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባው። ሰንባቾቹ አልጋቸው ተገፍቶ ከነዕቃቸው ተሻገሩ። ልክ ፕላኑ ላይ እንደነበረው ቶሎ አለቀ፤ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ጉልበቴ መስኮቱን አይታ፣ «አሁን ገና ሰው ሆንን» አለች።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ግራ ሰደደች፣ ቁም ሳጥን የለም። ወደ ቀኝ ሰደደች፣ ብርጭቆው ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰበረ። ፀሐይዋ በማታውቀው ጉንጭ በኩል መጣች። በመጨረሻ ግድግዳውን አገኘችና አንኳኳችው። ይህ የደረጃው ግድግዳ ነው፣ ብረትና ሲሚንቶ፣ ሕንፃው ሲነቃነቅ የሚይዘው፤ መቼም የማይፈርሰው። ጣቷን አመማት እንጂ ድምፅ አልሰጠም።

«ይሄ አይመልስም» አለች።

«ጠንካራ ስለሆነ ነው።»

«አዎ። ያስታውቃል።»

ከዚያ ወዲያ ያነሰች መሰለች። ጠዋት ስትነቃ፣ «አሁን የት ነን?» ትለዋለች። ይነግራታል። «ከማን ጎን?» ትለዋለች። «ከደረጃው ጎን» ይላታል። «ደረጃ ደግሞ ምን ይወልዳል?» አለችው አንድ ቀን፤ የመጨረሻ ቀልዷ እሱ ነበር። ምግብ ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች። ክር እንደሚፈትል ሰው ጣቶቿ አንሶላው ላይ ይሄዱ ነበር።

ክረምቱ መሃል ላይ አዲሱ ማዋለጃ ተከፈተ። ሰፊ ነው፤ ቀዶ ሕክምናም በውስጡ አለው፤ ኮሪደሩ ላይ የተኛ ሰው ቀረ። ፕላን ሠሪው ሲስተሯን ለምኖ ሚስቱን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቶ ወሰዳት፣ ካፖርቱን ጉልበቷ ላይ አልብሶ። በሩ ፊት ለፊት፣ የድሮው አልጋዋ ከነበረበት ትንሽ ወዲህ፣ ወንበሩን አቆመው። መሐንዲሷ ሥራዋን በወጉ ነበር የሠራችው፤ በሩ ድርብ፣ ግድግዳው ድምፅ እንዳያሳልፍ ውስጡ ተሞልቶ። እሱ ድሮ ጎደለብኝ ብሎ ያፈረበትን ሁሉ አሟልታዋለች።

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። በውስጥ በኩል አዋላጇ በበሩ መስታወት አይታት እጇን አወዛወዘች፤ ዓይነ ስውር መሆኗን ረስታ።

«ይወልዳሉ አሁን?» አለች ሚስቱ።

«አዎ። ሰው ሞልቷል። ሲገቡ ሲወጡ ይታያል።»

«ጥሩ ግድግዳ ሠርተዋል» አለች። «ምንም አይሰማም።»

እሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። ከኋላ በመሆኑ ፊቱን ማንም አላየበትም።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች፤ ጠዋት፣ ፀሐይዋ በዚያ በማታውቀው በኩል ስትገባ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። እሱ ግን እንባ ገደደው። ቀብሩ ላይ ፎርማኑ መጣ፣ አርጅቶ፣ በምርኩዝ። ክንዱን ይዞት ቆመ፤ የሚለው ቢጠፋው፣ «ያ ክረምት ጭቃው እንዴት ያለ ነበር፣ አይደል?» አለው። «አዎ» አለ ፕላን ሠሪው።

ከወራት በኋላ መሐንዲሷ ቤቱ ድረስ መጣች። ሆስፒታሉ በስተኋላ ሌላ ሕንፃ ሊጨምር ነው፣ እስቲ ይዩልኝ ብላ ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ድሮ የተማሪ ልብስ ይቆረጥበት የነበረው ጠረጴዛ ነው። ረጅም ጊዜ አየው። ምሰሶዎቹን አየ፣ ከፍ ያለውን ጣራ አየ፣ ለነገ የተተወውን ባዶ ቦታ አየ። ጥሩ ነው አለ። ከዚያ ጣቱን አንድ ክፍል ላይ አሳረፈ።

«እነዚህ ሰንባቾች ናቸው?»

«አዎ ጋሼ። ከራጅ ክፍሉ ጎን። ቀላል ስለሆኑ…»

«ከባድ በያቸው» አላት።

ልጅቷ ፊቱን አየች። እርሳሷን አውጥታ ክፍሉን ሰረዘችው። የት እንደምታኖራቸው አሁን አታውቅም፣ አስባ ትመለሳለች። ሲሸኛት በሩ ላይ ያለው ባልዲ ሞልቶ ነበር፤ ጣራው አሁንም ያፈስ ነበርና።

የዚያኑ ዓመት ቤቱን ዘጋ። የልብስ ስፌት ማሽኑን ለጎረቤቷ ልጅ፣ ክር ታስገባ ለነበረችው፣ ሰጣት። ሰው ወሬ ሲጠይቅ የሚባለው ይህ ነው። ከሚስቱ የእህት ልጅ ዘንድ ነው ያለው፣ በሌላ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ። ሦስት ልጆች ያሏት ሴት ናት። ለሱ የሰጠችው ክፍል ከልጆቹ መኝታ በስስ ኮምፔንሳቶ ጣውላ ብቻ የተከፈለ ነው፤ «አጎቴ፣ ይረብሹሃል፣ ባለቤቴ በብሎኬት ይሥራልህ» ብትለው፣ ተዪው አላት። ባለፈው ክረምት ያየው ሰው አልጋውን ወደዚያ ግድግዳ አስጠግቶ ተቀምጦ አገኘው። እዚያው ነው።